የመጀመሪያው ሞተር፦ ስለ ዋጋ፣ ስለ ምስክርና ስለ ትውልድ

መስል ካር የሚባሉት መኪኖች፣ ማለትም የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በመካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ሞተር እየጫኑ ለወጣት ገዢ ያቀረቧቸው ተሽከርካሪዎች፣ ዛሬ በሰብሳቢዎች ገበያ ሲሸጡ ከጉልበታቸው በፊት የሚጠየቀው የሞተራቸው ትውልድ ነው። በመጠን፣ በጉልበትና በጤንነት የማይለያዩ ሁለት ሞተሮች ቢኖሩና አንደኛው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የወጣ፣ ሁለተኛው ግን ከሌላ መኪና የተነቀለ መሆኑ ቢታወቅ፣ የመጀመሪያውን የተሸከመው መኪና እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። ልዩነቱ ግን ለሚነዳው ሰው አይሰማውም፤ ድምፁም፣ ፍጥነቱም፣ የሚበላው ነዳጅም አንድ ነው። እንግዲህ ገዢው በትርፉ ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከመካኒኩ እጅ ወጥቶ ወደ ፍልስፍናና ወደ ሃይማኖት ሕግ ይሻገራል። የአንድ ነገር ማንነት በምን ይጸናል፣ ምስክሩስ ማን ነው የሚለው ክርክር ከ1900 ዓመታት በፊት በሰፊው የተካሄደው ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን አይሁድ በሚኖሩባት በያቭነ በመሆኑ፣ መልሱን ከዚያ መፈለግ ከመንገድ መውጣት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዘመኑ መጀመሪያ ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሞተር የተገጠመለት የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ከእርሱ በኋላ የክራይስለር 426 ሄሚ በ1966 ለተራ ገዢ ቀረበ፤ 425 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎም ታወጀ። በ1970 ደግሞ ሸቭሮሌት በሸቬል ላይ 450 የፈረስ ጉልበት የተባለለትን ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ጫነ። ከዚያ ወዲያ የጭስ ሕግ፣ የመድን ክፍያ መናርና የነዳጅ ውድነት ተደራርበው ዘመኑን ዘጉት። እነዚህ የታወጁ ቁጥሮች የተለኩት ሞተሩ የጭስ ማውጫውንና ሌሎች ኃይል የሚወስዱ ዕቃዎቹን ሳይሸከም ብቻውን በመቆሚያ ላይ ሆኖ ነበር፤ በ1972 ልኬቱ ከነዕቃዎቹ እንዲሆን ሲደረግ፣ ብረቱ ብዙም ሳይለወጥ ቁጥሩ ብቻ ወረደ። በቁጥር የሚታመን ገዢ ይህን ቢያስታውስ አይጎዳም። ያም ሆኖ እጥረት ዋጋን ያንራልና፣ በ2014 አንድ የ1971 ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ በጨረታ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

የሞተሩን ዋጋ የሚገምተው ባለሙያ ሥራውን በሁለት መንገድ ያከናውናል። የመጀመሪያው የጤንነት ምርመራ ነው፦ እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ በግፊት መለኪያ ይታያል፤ ብሎኩ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ ዋና አካል፣ በማግኔትና በብረት ዱቄት ስንጥቅ እንዳለው ይፈተናል፤ የሲሊንደሩ ቀዳዳ ቀደም ሲል ስንት ጊዜ እንደሰፋ ይለካል፤ ግድግዳው በሰፋ ቁጥር ይሳሳልና ዳግመኛ ሊሰፋ የማይችልበት ጊዜ ይመጣል። ሁለተኛው ምርመራ የትውልድ ነው። ለምሳሌ በሸቭሮሌት ቪ8 ሞተር ላይ፣ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮ የተቀረጸ ቁጥር የብሎኩን ዓይነት፣ አጠገቡ ያለው የፊደልና የአኃዝ ምልክት ደግሞ የፈሰሰበትን ወር፣ ቀንና ዓመት ይናገራል። በብሎኩ ፊት፣ ከቴስታው ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ ከሚከድነው ክፍል ቀደም ብሎ በሚገኝ ጠፍጣፋ ቦታ ላይም ሞተሩ የተገጣጠመበት ቀንና በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመኪናው የሻንሲ ቁጥር ጋር የሚገጥም አኃዝ በማኅተም ብረት ተመትቶ ይገኛል። ይህ አኃዝና የመኪናው ቁጥር ከገጠሙ ሞተሩ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

በዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ከብሎኩ የላይ ፊት ጋር አንድ ወለል ስለሆነ፣ ሞተሩን በቅንነት የሚያድስ ባለሙያ የተጣመመውን ፊት ሊያስተካክል ሲልገው ቁጥሩም አብሮ ተልጎ ይጠፋል። መልካም ጥገና ምስክሩን ይገድላል ማለት ነው። በአንጻሩ ማንም ሰው የማኅተም ብረት ገዝቶ ከሌላ መኪና በመጣ ብሎክ ላይ የሚፈልገውን ቁጥር ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ ቁጥሩን ብቻ አያነብም፤ የፋብሪካው መሣሪያ በወለሉ ላይ የተወውን ስስ ጭረት፣ የፊደሎቹን ቅርጽና የምቱን ጥልቀት ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ያስተያያል። ሐቀኛው ብሎክ ምስክር አጥቶ፣ ሐሰተኛው ምስክር አግኝቶ በአንድ ገበያ የሚቆሙበት ጊዜ አለ። የጥያቄው ዋና ክብደትም ያለው በዚህ ላይ ነው፤ ብረቱ ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው የሚወጣውና የሚወርደው በምስክሩ ነውና።

ለዕለት ኑሮ መኪና በሚያዝበት አገር ጥያቄው በዚህ መልክ አይነሣም። በኢትዮጵያ የመኪና ባለቤትነት ደብተር የሆነው ሊብሬ የሞተርና የሻንሲ ቁጥርን ይመዘግባል፤ ምዝገባው ግን ስርቆትን ለመከላከል እንጂ ክብርን ለመጨመር አይደለም። በአዲስ አበባ ጋራዦች አሮጌውን ፊያትና ቮልስ ለአሥርተ ዓመታት በጎዳና ላይ ያቆዩት ባለሙያዎች ያረጀውን ሞተር አውርደው ሌላ ሲጭኑ መኪናው ረከሰ ብሎ ያዘነ ሰው ብዙም አይገኝም። በያቭነ የኢንዱስትሪ ሠፈር፣ የአገሩ ሰው ሙሳክ በሚለው ጋራዥ ውስጥም ሞተር ተለውጦለት ቴስት ያለፈ፣ ማለትም የዓመቱን ምርመራ ያገኘ መኪና ሙሉ መኪና ነው። በእስራኤል ሕግ ከተመረተ 30 ዓመት የሞላው መኪና የሰብሳቢ መኪና ተብሎ ሊመዘገብ መቻሉ፣ ያው ዕቃ በአንድ ቀን ከመገልገያነት ወደ መታሰቢያነት ሊሻገር እንደሚችል ያሳያል፤ መታሰቢያ ከሆነ በኋላ ነው ትውልዱ የሚያስጨንቀው።

ያቭነ ከቴል አቪቭ በስተደቡብ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ገደራና ቂርያት መላኺ ከእርሷ ወደ ደቡብ ይገኛሉ። ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ክርክርና ትምህርት የተሰበሰበበት ታላቅ መጽሐፍ፣ እንደሚተርከው፣ ሮማውያን ኢየሩሳሌምን በከበቡ ጊዜ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ በሬሳ ሣጥን ተሸሽገው ከከተማዋ ወጡና ያቭነንና ሊቃውንቷን እንዲተዉላቸው የሮማውያኑን ጦር አዛዥ ቬስፓስያንን ለመኑ። በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱ ፈረሰ። መሥዋዕቱ፣ መሠዊያውና የካህናቱ አገልግሎት ከጠፉ በኋላ የቀረው እምነት ያው ነው ወይስ ሌላ ነው የሚለው ጥያቄ፣ ማንም በእነዚህ ቃላት ባይጠይቀውም፣ በያቭነ በተሠራው ሥራ ሁሉ ውስጥ ይሰማል። ራባን ዮሐናን፣ ቀድሞ በቤተ መቅደሱ ብቻ ለሰባት ቀን ይያዝ የነበረው የዳስ በዓል ዘንባባ በየስፍራው ሰባት ቀን እንዲያዝ ሲደነግጉ፣ ድንጋጌው ለቤተ መቅደሱ መታሰቢያ መሆኑ በግልጽ ተነገረ። አዲሱ አሮጌውን መስሎ እንዲታይ አልተደረገም። ተተኪው ተተኪነቱን እየመሰከረ በቦታው ቆመ፤ ይህም የማኅተም ብረት ገዝቶ አሮጌ ቁጥር ከመምታት ጋር ፈጽሞ የሚቃረን አሠራር ነው።

ስለ ምስክርም ቢሆን ያቭነ የምታስተምረው አላት። ከራባን ዮሐናን በኋላ ጉባኤውን የመሩት ራባን ጋምሊኤል አዲስ ጨረቃ አየን ብለው የሚመጡትን ምስክሮች የሚመረምሩት በሰገነታቸው ግድግዳና በሰሌዳ ላይ የተሳሉ የጨረቃ ቅርጾችን እያሳዩ፣ ያያችሁት የትኛውን ይመስላል ብለው በመጠየቅ ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም አንድ ጊዜ ሌሎች ሊቃውንት ሐሰተኛ ናቸው ያሏቸውን ምስክሮች ራባን ጋምሊኤል ተቀበሏቸው፤ ረቢ ዬሆሹዓ ግን ተቃወሙ። ራባን ጋምሊኤልም ረቢ ዬሆሹዓ በራሳቸው ስሌት የስርየት ቀን በሆነው ዕለት በትራቸውንና ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ያቭነ እንዲመጡ አዘዙ፤ ረቢ ዬሆሹዓም ታዘው መጡ። የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ብዙ ጊዜ ለሥልጣን መገዛት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር አለበት። ጨረቃዋ በሰማይ የወጣችበት ሰዓት አንድ ነገር ነው፤ ማኅበረሰቡ ወሩ ጀመረ ብሎ የሚቀበልበት ውሳኔ ሌላ ነገር ነው፤ በዓል የሚከበረውም በሁለተኛው ነው። የሞተር መርማሪም የሚሰጠው ሁለተኛውን ዓይነት እውነት ነው፦ ብሎኩ በዚያ ዓመት በዚያ መኪና ላይ መኖሩን በዓይኑ አላየም፤ ገበያው የሚያጸናውን ፍርድ ግን ይሰጣል። ልዩነቱ፣ የወሩ ውሳኔ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲጾሙ አስፈላጊ ሲሆን፣ የሞተሩ ውሳኔ ግን የሚጠቅመው ሻጩንና ገዢውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ሲገለጥ በሥልጣን ስም ሊጸና አይገባም።

የክፍሎች መለወጥን በሚመለከት ፈላስፎች አብዝተው የሚጠቅሱት፣ ሳንቆቹ አንድ በአንድ ስለተለወጡት የቴሴዎስ መርከብ ፕሉታርክ ያወሳውን ክርክር ነው፤ መርከቡ ያው ነውን ወይስ አይደለም ተብሎ ይጠየቅና ጥያቄው ሳይፈታ ይቀራል። ሚሽና፣ ማለትም በ200 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀረው የቃል ሕግ ስብስብ፣ ይኸንኑ ጉዳይ በነጠላ ጫማ አንሥቶ ፍርድ ይሰጥበታል። የረከሰ ጫማ ከሁለቱ የማሰሪያ ጆሮዎቹ አንዱ ተበጥሶ ቢጠገን እንደረከሰ ይቆያል፤ ሁለተኛው ተበጥሶ ከተጠገነ ግን ከቀደመው ከባድ ርኩሰት ነጻ ይወጣል፤ ሆኖም የቀድሞውን ነክቷልና በመንካት የሚመጣው ቀላሉ ርኩሰት ይቀርበታል። የታልሙዱ ሊቃውንት ሲያብራሩ፣ በመጀመሪያው ጥገና ጊዜ አሮጌው ጆሮ ገና ቆሞ ስለነበር ማንነቱን ያዘው፤ በሁለተኛው ግን አዲስ ፊት መጣ ይላሉ። ይህ ፍርድ ለሞተር ከግሪኩ መርከብ ይልቅ ይጠቅማል፤ ያው ነው ወይስ ሌላ ነው በሚሉ ሁለት መልሶች ብቻ አይወሰንምና። ፒስተኑ፣ ቫልቩና ቴስታው ተለውጠው ብሎኩ ከቆመ ማንነቱ ይቀጥላል፤ ብሎኩ ሲለወጥ አዲስ ፊት ይመጣል፤ ይሁንና በዚያው ዓመት በዚያው ፋብሪካ የፈሰሰ ብሎክ በተተካ ጊዜ ከቀድሞው ጋር የሚያገናኘው ቀላል ዝምድና ይቀራል። ሰብሳቢዎችም ለእንዲህ ያለው ሞተር መካከለኛ ዋጋ መስጠታቸው፣ ሳያውቁት የጫማውን ፍርድ መከተላቸው ነው።

የዋጋው ሕግ ዋና ቦታ ግን ባቫ ሜጺዓ በሚባለው የሚሽና ክፍል አራተኛው ምዕራፍ ነው። ሥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን 25 ላይ ይገኛል፤ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቄሶች በግዕዝ ኦሪት ሲያነቡት የኖሩት፣ ሚሽና ሳይደርሳቸውም የሚያውቁት፣ በመሸጥና በመግዛት ወንድምን አትጉዳ የሚለው ትእዛዝ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ጉዳት ኦናዓ ብለው ልክ አበጁለት፦ ከገበያው ዋጋ ከስድስተኛ እጅ ያነሰ ብልጫ ይታለፋል፤ ልክ ስድስተኛ እጅ ከሆነ ሽያጩ ይጸናና ብልጫው ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ ሽያጩ ሊፈርስ ይችላል። 24,000 ሸቀል የሚያወጣ ሞተር በ28,000 ቢሸጥ 4,000ው ይመለሳል ማለት ነው። ከያቭነ ብዙ በማትርቀው በሎድ ረቢ ታርፎን ልኩን ወደ ሦስተኛ እጅ ከፍ ባደረጉት ጊዜ ነጋዴዎች ደስ አላቸው፤ የማስመለሻው ጊዜም ረዝሞ ቀኑን ሙሉ መሆኑን ሲሰሙ ግን ወደ ቀድሞው ሕግ ተመለሱ። ነጋዴ ከትርፉ ብዛት ይልቅ የሽያጩን መጽናት እንደሚወድ ከዚህ በላይ በአጭሩ ያሳየ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

በዚሁ ምዕራፍ ረቢ ይሁዳ የኦሪት መጽሐፍን፣ እንስሳንና ዕንቁን ከዚህ የዋጋ ልክ ነጻ ሊያደርጉ ፈልገዋል። ለእንስሳውና ለዕንቁው የተሰጠው ምክንያት፣ ሰው ጥንድ ይፈልጋል የሚል ነው፦ አንድ በሬ ያለው ገበሬ በጉልበቱ የሚመሳሰለውን ሁለተኛ በሬ፣ ዕንቁ ያለው ሰው የምትገጥማትን ዕንቁ ሲያገኝ ከገበያው በላይ ይከፍላል። ከሻንሲው ጋር የሚገጥም ቁጥር ያለው ብሎክ ከዚህ ይልቅ ጥንድ ነው፤ በዓለም ላይ የሚገጥመው አንድ መኪና ብቻ ነውና። ብሎኩና መኪናው በተለያዩ እጆች ሲገኙ፣ ብሎኩ ለሌላው ሁሉ ያገለገለ ብረት፣ ለአንዱ ባለመኪና ግን ሊገምተው የማይችል ሀብት ይሆናል። ታዲያ ብሎኩን የያዘው ሰው የፈለገውን ሊጠይቅ ይችላልን? ሊቃውንቱ ለረቢ ይሁዳ የመለሱት፣ ነጻ የተባሉት አስቀድሞ የተዘረዘሩት ብቻ ናቸው በማለት ነው። ይህ መልስ ጥንድ መሆን ዋጋ እንደሚጨምር የካደ አይመስልም፤ የከለከለው የአንዱን ሰው ጉጉት ልክ የሌለው ትርፍ ማድረግን ነው። እንዲህ ላለው ብሎክ ተመሳሳይ ጥንዶች በጨረታ የሚያወጡት ዋጋ መለኪያ ሊሆነው ይችላል፤ የባለመኪናው ጭንቀት ግን መለኪያ ሊሆን አይገባም።

ስለ ማሳመርም ምዕራፉ ዝም አላለም። ሰውን፣ እንስሳንና ዕቃን ለሽያጭ ብሎ ቀባብቶ ማሳመር የተከለከለ ነው፤ ታልሙድ ሲያብራራው አዲስ ዕቃን ማሳመር ይቻላል፣ አሮጌውን አዲስ አስመስሎ መቀባት ግን አይቻልም ይላል፤ ምክንያቱም የገዢውን ልቡና መስረቅ ነው። የሞተር ገበያ ክልከላውን ወደ ሌላ ጎን ይገለብጠዋል፤ እዚያ የሚሰረቀው አሮጌው አዲስ በመምሰሉ ሳይሆን ባዕዱ የቤት ልጅ በመምሰሉ ነው። ፍርዱ ግን አንድ ነው። ብሎኩ ተልጎ ቁጥሩ መጥፋቱን የሚናገር ሻጭ ዋጋው ቢቀንስበትም በእርግጥ ያለውን ነገር ይሸጣል፤ ሐሰተኛ ቁጥር የመታው ግን ዋጋውን ቢቀንስ እንኳ ሽያጩ በስሕተት ላይ የቆመ ነውና የስድስተኛው እጅ ልክ አያድነውም። እንግዲህ ገዢው በትርፉ ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ፣ የዚህ ጽሑፍ መልስ ብረቱ ሳይሆን ስለ ብረቱ የተነገረው እውነት ነው የሚል ነው፤ እውነቱ ከሌለ የተገዛ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ስለ ዕቃ ነው፤ ያቭነ ስለ ሰው ትውልድ ግን ሌላ ሥርዓት ትታለች። ረቢ ዬሆሹዓ ከራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ተቀበልኩ ብለው እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ ኤልያስ ሲመጣ ቤተሰቦችን ንጹሕና ርኩስ ብሎ ሊለይ አይመጣም፤ በግፍ የተገፉትን ሊያቀርብ፣ በግፍ የገቡትን ሊያርቅ እንጂ። ታልሙድም ቤተሰቦች ሁሉ በደኅና ይዞታቸው ይታመናሉ፣ ጥርጣሬ የሚያስነሣ ነገር ከሌለ አይመረመሩም ይላል። ለሞተር ምርመራ ግዴታ የሆነው ነገር ለቤተሰብ የተከለከለ ሆነ። በ1973 የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖሩትን የረቢ ዳቪድ ቤን ዚምራን ፍርድ ተመርኩዘው ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975ም የመመለስ ሕግ እንዲያካትታቸው ተደረገ። ሆኖም በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል ከመጡት ብዙዎቹ ለጥርጣሬ ማስወገጃ በሚቅዌ፣ ማለትም በሥርዓት መንጻት በሚደረግበት ውኃ፣ እንዲጠልቁ ተጠየቁ፤ በ1985 በኢየሩሳሌም በዋናው ረቢነት ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት የተቀመጡት ተቃዋሚዎች ያሰሙት ድምፅ፣ የተፈረደለት ነገር እንደገና ለምን ይመረመራል የሚል ነበር። በ2012 መጀመሪያ ደግሞ በቂርያት መላኺ አንዳንድ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለኢትዮጵያ ተወላጆች ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ተሰምቶ ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ። በዚያ ገበያ የተመረመረው ቤቱ ሳይሆን የገዢው ትውልድ ነበር።

የባቫ ሜጺዓ አራተኛው ምዕራፍ አቀማመጥ ስለዚህ ጉዳይ ይናገራል። የዋጋውን ልክና የረቢ ይሁዳን ዕንቁ ካስቀመጠ በኋላ፣ አሮጌ ዕቃ መቀባትን ከመከልከሉ በፊት፣ ኦናዓ በገንዘብ እንዳለ ሁሉ በቃልም አለ ይላል። ለምሳሌም ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳል፦ ሊገዛ ያልፈለገ ሰው የዕቃውን ዋጋ አይጠይቅ፤ ንስሐ ለገባ ሰው የቀድሞ ሥራውን አያስታውሱት፤ ከባዕድ ለመጡ ሰዎች ልጅም የአባቶቹን ሥራ አያንሡበት። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ በአንድ ጥፋት ስም፣ የዕቃን ትውልድ የሸሸገ ሻጭና የሰውን ትውልድ ያነሣ ጠያቂ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።